የድመታችን ጤና በምን ይታወቃል?

(በሰፈራችን ማኅበር ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ድመት ልንናገር ነው ስንል ከኋላ የሳቃችሁትን ሰምተናል። ሳቁ ግድ የለም። ነገር ግን ሰሊጡና ማሽላው ቤት ሲገባ ጆንያውን ከአይጥ የሚጠብቅልን ማን እንደሆነ እያንዳንዳችን እናውቃለን። ይህች ጠባቂ ስትታመም ደግሞ ጉዳቱ ለእህሉ ብቻ ሳይሆን ለልጆቻችንም የሚተርፍ በመሆኑ ነው ኮሚቴው ጉዳዩን በአጀንዳ የያዘው።

እንደምታስታውሱት ባለፈው ዓመት ከአባሎቻችን የአንዷ ድመት ለሃጯ እየተዝረበረበ፣ መዋጥ አቅቷት ጥግ ይዛ ተገኘች። «አጥንት ተሰንቅሮባት ነው» ያልነው እኛው የኮሚቴው ሰዎች ነን፣ አንደብቅም። እኅታችንም ምክራችንን ሰምታ ጣቷን ብታስገባ ነከሰቻት። ድመቷ በሦስተኛው ቀን ሞተች። እኅታችን ግን በዚያው ሰዓት እጇን በሳሙና አጥባ፣ በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት ሄዳ ክትባቱን ጀምራ ስለጨረሰች ይኸውና ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጣለች። እኛ ግን ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣን እኛ ነን የምናውቀው። ከዚያ ወዲህ የእንስሳት ሐኪም እየጠየቅን የተማርነውን ነው የምንነግራችሁ።

መጀመሪያ ነገር ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። ፍየል ሲያማት ትጮኻለች፣ ውሻም ያለቃቅሳል። ድመት ግን ዝም ብላ አልጋ ሥር ትገባለች። ስለሆነም ደህና በሆነችበት ጊዜ ጠባይዋን አይቶ ያላወቀ ሰው የታመመች ቀን ሊለያት አይችልም።

ደህና የሆነች ድመት ዓይኗ ጥርት ያለ ነው፤ እዥ የለውም። ጸጉሯ የተኛና የሚያብረቀርቅ ሲሆን ራሷን እየላሰች ስታጸዳ ትውላለች። መላሷን ትታ ጸጉሯ ቆሞ፣ ተጣብቆ ካያችሁ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። በዓይኗ ውስጠኛ ጥግ በኩል ነጭ ስስ መጋረጃ የመሰለ ነገር ወጥቶ ከቀረም እንዲሁ። ጠባየ ሰላም የሆነችውንና ለሃጭ የሌላትን ድመት ከንፈሯን ቀስ ብሎ ገለጥ አድርጎ ድዷን ማየት ይቻላል። ድዱ ፈዘዝ ያለ ቀይ ከሆነ ደግ ነው። ነጭ ከሆነ ደም አንሷታል፣ ቢጫ ከሆነ ጉበቷ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ተኝታ ሳለች ደግሞ ጎኗን እያያችሁ አተነፋፈሷን ቁጠሩ። ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ነው። በአንድ ደቂቃ ከ30 የበለጠ ከሆነና ይህም ከተደጋገመ መልካም አይደለም።

ምግብ ነገር ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። በእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ የምትኖር ድመት ዋል አደር ስትል ዓይኗም ልቧም ይጎዳል፤ ሥጋ የግድ ያስፈልጋታል። አይጥ ስለምትበላ ይበቃታል የሚል ሰው አይጥ በሌለበት ወር ምን እንደምትበላ ይንገረን እስቲ! ወተትም ቢሆን ያደገችውን ድመት ብዙ ጊዜ ያስቀምጣታል። ሙሉ ቀን እህል ካልቀመሰች ጠርጥሩ። በፊንጢጣዋ ዙሪያ ሩዝ የመሰለ ነገር ከታየ ኮሶ ነው፣ መድኃኒት አለው። ወንዱ ድመት አመዱ ላይ ደጋግሞ እየተቀመጠ ሽንት እምቢ ካለው ግን ለነገ አይባልም፤ በሁለት በሦስት ቀን ይሞታል።

የእኛ ቆላ ሙቀት ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። የድመት ዘር የመጣው ከበረሃ ድመት በመሆኑ ከጥንትም ውኃ እምብዛም አትጠጣም። በመጋቢትና በሚያዝያ መተማ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ውኃ በጥላ ሥር አስቀምጡላት። አፏን ከፍታ እንደ ውሻ ካለከለከች በሙቀት ተጎድታለችና ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ወስዳችሁ በውኃ በረደ ጨርቅ አርጥቧት።

አሞናታል ብሎ የሰው ክኒን መስጠት ክልክል ነው። ፓራሲታሞል ለእኛ የራስ ምታት መድኃኒት ነው፤ ለድመት ግን መርዝ ነው፣ ግማሿ ክኒን እንኳ ትገድላለች። ለእህል የምንጠቀምበት ማላታዮንም ያው ነው። ተንቀጥቅጣ፣ ለሃጯ ወርዶ፣ ተቅማጥ ከያዛት የጆንያውን ዱቄት ልሳ ይሆናል።

እንግዲህ ለሃጭ የመርዝም የእብድ ውሻ በሽታም ምልክት ስለሆነ በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። ጭምቷ ድመት ድንገት ሰው ስትቧጭር፣ ድምጿ ሲለወጥ፣ መንጋጋዋ ሲወድቅ፣ ወይም ቁጡዋ ድመት ያለ ወትሮዋ ስትለጠፍባችሁ ማንም እጁን ወደ አፏ አያስጠጋ። በር ዘግታችሁ ልጆችን አርቁ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ። የነከሰችው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠብ፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት ይሂድ። የነከሰችው ድመት ደህና ብትመስልም አትገደል፤ 10 ቀን ተዘግታ ትጠበቅ። ካላበደች በዚህ ጊዜ ውስጥ ይለያል፤ ሰውየው ግን ክትባቱን ለመጀመር 10 ቀን አይጠብቅ። በሽታው ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። የውሻ ክትባት በሚመጣበት ጊዜም ድመቶቻችሁን በቅርጫት ይዛችሁ ኑ፤ ለድመትም ይሰጣል።

አንዳንድ እናቶች ካላዛርም ከድመት ይመጣል ወይ ብለው ጠይቀውናል። ካላዛር የሚተላለፈው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ነው፤ ድመት በመዳሰስ አይደለም።

የመጨረሻው ጉዳይ የአይጥ መርዝ ነው። አንዳንዱ መርዝ ወዲያው ሳይሆን ከቀናት በኋላ ነው ደም የሚያስፈስሰው፤ መርዝ የበላውን አይጥ የበላች ድመት ድዷ ነጥቶ፣ በአፍንጫዋ ደም ወርዶ የምትገኘው ለዚህ ነው። «ቡዳ በላት» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ሰሊጥ ከመግባቱ በፊት መርዝ የሚያስቀምጥ አባወራ ሁሉ ለግራና ለቀኝ ጎረቤቱ ቀድሞ ይንገር፣ የሞተውንም አይጥ በየማለዳው ለቅሞ ይቅበር። የመርዙንም ማሸጊያ አይጣል፤ ድመት ወይም ልጅ ቢታመም ለሐኪሙ የሚታየው እሱ ነውና።