እርሾና ቅርንጫፍ



ሊጥ ልታቦካ ተነስታ እርሾዋ ተበላሽቶ ያገኘች እናት ምን እንደምታደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ዕቃ ይዛ የጎረቤት በር ታንኳኳለች። እርሾ ተለምኖ የከለከለ ሰው አላውቅም። ሰጪዋም የምትሰጠው ደግ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ነገ የራሷ ቢበላሽ መልሳ የምታገኘው ከዚያችው ጎረቤት ጓዳ እንደሆነ ስለምታውቅ ጭምር ነው። ዛሬ ስለ አቮካዶ ማዳቀያ ቅርንጫፍ የምናገረው ሁሉ ከዚህ አይርቅም።

በየጓሯችን የቆመው አቮካዶ አብዛኛው ከተበላ ፍሬ ዘር የበቀለ ነው። ልጅ ቁርጥ አባቱን እንደማይሆን ሁሉ፣ ከዘር የተነሳ አቮካዶም እናቱን አይሆንም። ቅቤ የመሰለው ፍሬ ውሃ ውሃ የሚል፣ ጭረት የበዛበት ልጅ ሊወልድ ይችላል። ይህንንም የምናውቀው 6 ወይም 7 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ከተንከባከብነው በኋላ ነው። የተዳቀለ፣ ማለትም የሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ የተቀጠለበት ችግኝ ግን በ3 ወይም በ4 ዓመት ያፈራል፤ ፍሬውም ቅርንጫፉ የተቆረጠበት የዚያው ዛፍ ፍሬ ነው።

ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ሃስ የተባለው አቮካዶ የተገኘው ከአንድ ሰው ጓሮ ነው። ሩዶልፍ ሃስ በካሊፎርኒያ ፖስታ አመላላሽ ነበር። በ1920ዎቹ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ከዘር ባበቀለው አንድ ችግኝ ላይ ሌላ ዝርያ ለማዳቀል ቢሞከር አልይዝ አለ። አዳቃዩ ባለሙያም ችግኙን እንዲሁ እንዲተወው መከረው። ዛፉ ሲያፈራ ልጆቹ ፍሬውን ከሌላው ሁሉ አስበልጠው ወደዱት። ሃስ በ1935 የባለቤትነት መብት አወጣበት፤ ነገር ግን ብዙ ገበሬዎች አንድ ዛፍ ገዝተው ከእሱ ቅርንጫፍ እየቆረጡ እርሻቸውን ስለሞሉ ከመብቱ ያገኘው ጥቂት ነበር። በሰውየው ላይ የደረሰውን ፍትሕ ነው አልልም። እናት ዛፉ ግን በ2002 በሥር አበስብስ በሽታ ሲሞት፣ የሃስ ዝርያ ከምድር አልጠፋም። በሕይወት ያቆዩት በየሰው እርሻ የገቡት ቅርንጫፎች ናቸው።

አቮካዶ ጎረቤት የሚፈልግበት ሌላም ምክንያት አለው። አበባው ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ መጀመሪያ እንደ ሴት፣ በማግስቱ እንደ ወንድ። ሃስና ፒንከርተን የተባሉት ዝርያዎች ጠዋት ሴት ሆነው ተከፍተው፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወንድ ይሆናሉ። ኤቲንገርና ፉዌርቴ የተባሉት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሴት፣ በማግስቱ ጠዋት ወንድ ናቸው። አንዱ የአበባ ዱቄት ሲሰጥ ሌላው ለመቀበል የተዘጋጀ ነው፤ መልእክተኛዋ ንብ ናት። ስለዚህ ሃስ ያለው ሰው ለጎረቤቱ የኤቲንገር ቅርንጫፍ ቢፈልግለት፣ የራሱንም ምርት እያገዘ ነው።

አሁን ወደ እጃችን ሥራ እንምጣ። የሚቆረጠው እርሳስ የሚያክል፣ ጫፉ ላይ ያለው እምቡጥ ያበጠ ነገር ግን ገና ያልፈነዳ ቅርንጫፍ ነው። ቅጠሉ ውሃ እንዳይጨርስበት፣ አንገቱን ብቻ አስቀርቶ ቅጠሉን ወዲያው መቁረጥ ያስፈልጋል። ከዚያ በረጠበ ጋዜጣ ጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ ማስገባት ነው። እኔ በመጀመሪያ ጊዜ ያመጣኋቸውን ቅርንጫፎች ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ትቼ ቡና ልጠጣ ገባሁ። ያን ቀን ካዳቀልኳቸው አንድም አልያዘ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ስም ሳልጽፍባቸው ቀርቼ፣ ሃስ ብዬ የሰጠሁት ዛፍ ከ4 ዓመት በኋላ ኤቲንገር አፈራ። ወረቀትና ክር ከቢላ እኩል የሥራው ዕቃ ናቸው።

የተበላሸ እርሾ ሊጡን ሁሉ እንደሚያበላሽ አንርሳ። ፍሬው ላይ ቢጫ፣ ሰርጎድ ያለ መስመር ከሚያወጣ ዛፍ ቅርንጫፍ አይወሰድም፤ መስመሩ የበሽታ ምልክት ነው፤ በሽታውም በማዳቀል ይተላለፋል። ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ስንሄድ ቢላችንን በበረኪና እናጽዳ። የሥር አበስብስ በሽታ ከአፈር ጋር ስለሚጓዝም፣ ከማይታወቅ ቦታ የመጣ ችግኝ ከነአፈሩ ከመቀበል ንጹሕ ቅርንጫፍ መቀበል ይሻላል።

በመጨረሻ የራሴን ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት አንድ ጎረቤቴ ከምወደው ዛፍ ቅርንጫፍ ሲጠይቀኝ ቅር እያለኝ ሁለት ሰጠሁት። አንድ ክረምት ውሃ ጓሮዬ ላይ ተኝቶ ከረመና ያ ዛፍ ከነሥሩ በሰበሰ። ጋዜጣና ፌስታል ይዤ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። ገና ጉዳዬን ሳልነግረው በእጄ የያዝኩትን አይቶ ወደ ጓሮ መራኝ፤ «ስንት ልቁረጥልህ?» አለኝ።