የረዘመ እግርና ወደ ሩጫ መመለስ

(በደብረ ማርቆስ ከተማ በተደረገ የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የሐኪም እንጂ የመሐንዲስ አይመስልም። ሆኖም ነገሩ ውስጡ ሲታይ ስለ ቀለበት፣ ስለ ብሎን፣ ስለ ሽቦ ውጥረትና ስለ ጊዜ ነው፤ እነዚህም የእኛው ቋንቋ ናቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲፈጽም፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ገና ስድስት ሳምንት አልሞላውም ነበር። በዚያው ኦሊምፒክ ቫለሪ ብሩሜል የተባለ የሶቪየት ኅብረት ስፖርተኛ 2 ሜትር ከ18 ሴንቲ ሜትር ዘልሎ በከፍታ ዝላይ የወርቅ ሜዳይ አገኘ። ሁለቱም ብዙ ሳይቆዩ የተሽከርካሪ አደጋ ደረሰባቸው፤ ብሩሜል በ1965 በሞተር ብስክሌት፣ አበበ በ1969 በመኪና። አበበ አከርካሪው ስለ ተጎዳ ዳግመኛ በእግሩ ሊሄድ አልቻለም፤ ነገር ግን በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ከታከመ በኋላ በዚያው በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ዒላማና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰልፏል። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የብሩሜልን ታሪክ ግን በአገራችን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ የዛሬውም ጉዳይ ከእርሱ ይጀምራል።

ብሩሜል በ1963 2 ሜትር ከ28 በመዝለል የዓለምን ክብረ ወሰን የያዘ ሰው ነበር። በአደጋው የቀኝ እግሩ ደቀቀ፤ በተከታታይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ዐጥንቱ ግን በወጉ አልገጥም አለ፣ እግሩም አጠረ። ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ በምዕራብ ሳይቤሪያ ወደምትገኘው ወደ ኩርጋን ከተማ ሄዶ ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ ለሚባል ሐኪም እግሩን ሰጠ። ኢሊዛሮቭ በትልቅ ከተማ የተማረ ዝነኛ ፕሮፌሰር አልነበረም፤ ከጦርነቱ ዘመን ጀምሮ በገጠር ብቻውን ሁሉንም ዓይነት በሽታ ሲያክም የኖረ፣ መሣሪያውንም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ የፈለሰፈ ሰው ነው። የብሩሜል ዐጥንት ገጠመ፣ እግሩም ረዘመ። ብሩሜልም ተመልሶ ከ2 ሜትር በላይ ዘለለ። እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብበት የሚገባ ነገር አለ። ከ2 ሜትር በላይ ዘለለ እንጂ 2 ሜትር ከ28 አልደገመም። ኢሊዛሮቭን ያገነኑት ጋዜጦች የመጀመሪያውን ይነግሩናል፤ እኔ ግን ሁለቱን ቍጥሮች አብረን እንድንይዛቸው እፈልጋለሁ።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል? በእግሩ ዙሪያ የብረት ቀለበቶች ይደረጋሉ። ከእያንዳንዱ ቀለበት 1.5 ወይም 1.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሽቦዎች በዐጥንቱ ውስጥ ተሻግረው ይወጠራሉ፤ ውጥረቱም እስከ 130 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ቀጭን ሽቦ ሲወጠር የሰውን ክብደት እንደሚሸከም የብስክሌት ጎማ ያየ ሁሉ ያውቃል። ቀለበቶቹ ጥርስ ባላቸው ዘንጎች ይያያዛሉ። ሐኪሙም ዐጥንቱን መቅኔውንና ሽፋኑን በተቻለ መጠን ሳይጎዳ ይቈርጠውና ለአንድ ሳምንት ያህል ይተወዋል። ከዚያ በኋላ በሽተኛው ራሱ ዳዶውን ማዞር ይጀምራል። የዘንጉ ጥርስ በአንድ ሙሉ ዙር 1 ሚሊ ሜትር ስለሚሄድ ሩብ ዙር ማለት ሩብ ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም በቀን አራት ጊዜ ይደረጋል። ኢሊዛሮቭ በውሾች ላይ ባደረገው ምርምር በቀን ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሳብ ዐጥንቱ ሳይረዝም ቀድሞ ሊገጥም እንደሚችል፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ሲሳብ ደግሞ አዲሱ ዐጥንት በደንብ እንደማይሠራ አሳይቷል። በቀን አንድ ሚሊ ሜትር፣ እርሱም ተከፋፍሎ፤ እንዲህ ሲሆን በተከፈተው ቦታ አዲስ ዐጥንት ይሞላል።

ዐጥንቱ ግን ረዘመ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም። ለእናንተ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፤ አርማታ ከተሞላ በኋላ ካሳፎርማው ወዲያው አይነቀልም። በጐልማሳ ሰው ላይ ለእያንዳንዱ የረዘመ ሴንቲ ሜትር መሣሪያው ከአንድ ወር እስከ ሁለት ወር እግር ላይ ይቆያል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ አርማታ በጭነት እንዲያረጅ አንፈልግም፣ ዐጥንት ግን ጭነት ሲያገኝ ይጠነክራል። ስለዚህም በሽተኛው መሣሪያውን እንደ ለበሰ እንዲራመድ ይታዘዛል።

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ብቻ አላነበብሁትም። በሃያ ስድስት ዓመቴ በመንገድ ሥራ ላይ ሳለሁ እንጨት ወድቆብኝ የግራ ቅልጥሜ ተሰበረ። በአንድ ሐኪም ቤት በጀሶ ታስሮ ገጠመ፤ ሲፈታ ግን እግሬ በ4 ሴንቲ ሜትር አጥሮ ተገኘ። ከዚያ በፊት ጧት ጧት ወደ ጮቄ በሚወስደው መንገድ የምሮጥ ሰው ነበርሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ሄጄ እግሬን አስረዘምሁ። ማስረዘሙ ራሱ አርባ ቀን ወሰደ፤ መሣሪያው የወለቀው በሰባተኛው ወር ነው። በመካከሉ ወደ ቤተ ሰቤ ስመለስ የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ ወርጄ ወጥቻለሁ፤ የመንገዱን እያንዳንዱን ጕድጓድ በእያንዳንዱ ሽቦ ቈጠርሁት። የመንገድ ጥገና ምን ማለት እንደሆነ ያን ቀን በሚገባ ተማርሁ ብል ባልደረቦቼ አይቀየሙኝም።

ያስቸገረኝ ዐጥንቱ አልነበረም። ዐጥንት አዲስ ይሠራል፤ ጡንቻና ጅማት ግን ይሳባሉ እንጂ በዚያው ፍጥነት አያድጉም። ቅልጥም ሲረዝም የባት ጡንቻና የተረከዝ ጅማት ስለሚወጠሩ ጣት ወደ ታች ይሰግጋል፣ ተረከዝም መሬት መንካት ይሳነዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ቍርጭምጭሚትን ወደ ላይ መሳብ ግዴታ ነው፤ እኔም ነጠላ በእግሬ ጣቶች ስር አሳልፌ በቀን ብዙ ጊዜ እጐትት ነበር። ሽቦው በቆዳ ውስጥ የሚያልፍበት ቦታ ካልጸዳ ያመረቅዛል። መሣሪያው ሲወልቅ ደግሞ ሰው ዳንሁ ብሎ የሚሮጥበት ጊዜ በጣም አደገኛው ነው፤ አዲሱ ዐጥንት ሊጎብጥ ወይም በሽቦዎቹ ቀዳዳ በኩል ሊሰበር ይችላል።

የኔ ቅደም ተከተል እንዲህ ነበር። መጀመሪያ በክራንች መራመድ፤ ቀጥሎ ሜዳ ላይ ያለ ክራንች፤ ከዚያ ቋሚ ብስክሌት፤ ከዚያ ዳገት መውጣት። ዳገት ከቁልቁለት ይቀድማል፤ ምክንያቱም ሰው ሲወርድ የጭኑ ጡንቻ እየረዘመ ክብደቱን መያዝ አለበትና ነው፣ የደከመ ጡንቻም ይህን አይችልም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ለሯጭ ይመቻል ይባላል፤ ለሳንባ እውነት ነው፣ ለአዲስ ዐጥንት ግን አየር አይተካውም። ሩጫ የጀመርሁት መሣሪያው ከወለቀ ከስምንት ወር በኋላ፣ ራጁ ታይቶ ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ ነው። ዛሬ ረጅም ርቀት እሮጣለሁ። መፈናጠርና ፈጥኖ መነሣት ግን እንደ ቀድሞው አልሆነልኝም፤ የገና ጨዋታ ላይ ከወንድሞቼ ልጆች ኋላ እቀራለሁ። ትዕግሥት የሚጠይቀው ችሎታ ቶሎ ይመለሳል፣ ፍንዳታ የሚጠይቀው ይዘገያል ወይም ጥቂት ይጎድላል፤ ብሩሜልም ዝላይተኛ መሆኑን አስታውሱ።

ከዚህ ተነሥቼ ስለ አገራችን ሰው ልናገር። በጎጃም ገጠር ከፈረስ የወደቀ፣ ከዛፍ የወደቀ፣ በሥራ ቦታ የተሰበረ ሰው በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻን ሁሉ መንቀፍ ልማዴ አይደለም፤ የእጅ ጥበብ ያላቸው አሉ። ነገር ግን ቀርከሃው ከመጠን በላይ ጠብቆ ሲታሰር ደም ይቋረጣል፣ የሕፃን እግር እስከ መቈረጥ የደረሰበት ጊዜ በሐኪሞቻችን ዘንድ የታወቀ ነው። ሳይቈረጥ የዳነውም አጥሮ ወይም ጎብጦ ይቀራል። ለዚህ ሰው እግር ማስረዘም ጌጥ አይደለም፤ ሞፈር መያዝና ገበያ መድረስ ነው። ቁመት ለመጨመር ሲባል ጤነኛ እግር የሚያስቈርጡ ሰዎች በዓለም መብዛታቸውን እሰማለሁ፤ በጤነኛ እግር የሚሮጥ ሰው ይህን ሁሉ ወር ለጥቂት ሴንቲ ሜትር መስጠቱ ለእኔ አይገባኝም።

አሁን ወደ ሙያችን ልምጣ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከመቶ 75 የማያንሰውን፣ ለተከታዮቹ ስድስት ወራት ከመቶ 50 የማያንሰውን ያገኛል። ይህን ከላይ ከነገርኋችሁ የጊዜ ሰሌዳ ጋር አስተያዩት። ክፍያው ወደ ግማሽ የሚወርደው መሣሪያው በሚወልቅበትና እውነተኛው ልምምድ በሚጀመርበት ወር ነው። እንደኔ ዐጥንቱ አጥሮ ከገጠመ በኋላ ማስረዘም የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ አሥራ ሁለቱ ወራት ካለፉ በኋላ ስለሚታከም ከዚህ ክፍያ አንዳች አያገኝም። ሕክምናውን የሚችል ሰው አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ፣ ያለ ሥራ፣ ሽቦውን የሚያጸዳለት ዘመድ ይዞ ሰባት ወር መቀመጥ ካልቻለ ቀዶ ሕክምናው ባይደረግለት ይሻለዋል፤ ግማሽ መንገድ የቆመ ማስረዘም ካጠረ እግር የከፋ ነውና። ስለዚህ የሥራ ውልና የመድን ዝርዝር የምናዘጋጅ አባላት ለሠራተኞች መድን በምንጽፈው ክፍል ውስጥ የተሃድሶውን ወራት፣ የማረፊያ ቤቱንና የአስታማሚውን ወጪ በግልጽ እንድናስገባ ሐሳብ አቀርባለሁ። በጠቅላላ የሥራው ዋጋ ላይ ቢሰላ እጅግ ትንሽ ነው።

ልዩነቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ሰው ደግሞ ከቶ ወደ ቀዶ ሕክምና አይሂድ። ከፍ ያለ ጫማ ይበቃዋል፤ ከዳሌ እስከ ቍርጭምጭሚት በሜትር ተለክቶ፣ በሐኪም ተረጋግጦ፣ የልዩነቱን ያህል ቀላል ጎማ በሶሉ ላይ ይጨመራል። ይህን ሥራ በከተማችን ያሉ ጫማ ሰፊዎች በሚገባ ይሠሩታል፤ እኔም ከመታከሜ በፊት ሦስት ዓመት የተራመድሁት በእነርሱ ሥራ ነው።