የማሪያማን ቤተ መቅደስና የመንደር መዋጮ
(ለዕድራችን አባሎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ሩቅ አገር ነው። ነገሩ ግን እንደኛ መዋጮ ለሚያዋጣ ሰው እንግዳ አይሆንም።

በደቡብ ህንድ በታሚል ናዱ፣ በየመንደሩ ማለት ይቻላል፣ የማሪያማን ቤተ መቅደስ አለ። ማሪያማን ሂንዱዎች የሚያመልኳት ሴት አምላክ ነች። በታሚል ቋንቋ «ማሪ» ዝናብ፣ «አማን» እናት ማለት ነው። ዝናብ ሲጠፋ እሷን ይለምናሉ። በፈንጣጣ ዘመንም በሽታው የእሷ መምጣት ነው ብለው ያምኑ ስለ ነበረ፣ በሕመምተኛው ደጃፍ የኒም ቅጠል ይሰቅሉ ነበር። ፈንጣጣ እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. ከህንድ ጠፋ፤ የማሪያማን በዓል ግን አልቀረም። ለምን ቢሉ፣ ቤተ መቅደሱ የመንደሩ መገናኛም ስለ ሆነ ነው።

በእኛ ሐምሌና ነሐሴ ላይ በሚውለው፣ አዲ በሚሉት ወራቸው፣ የዳጉሳ ሙቅ በትልልቅ ድስት ተሠርቶ ለመጣው ሁሉ ይታደላል። ዳጉሳውም ጥንት ከዚሁ ከአፍሪካ ወደ ህንድ የተሻገረ እህል ነው።

ለበዓሉ ወጪ ከየቤቱ መዋጮ ይሰበሰባል፤ «ቫሪ» ይሉታል። የከበሮ መቺው፣ የአበባው፣ የመብራቱ ሒሳብ ከዚሁ ይከፈላል።

ታዲያ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ቫሪ የከፈለ ቤት የመንደሩ ሰው ተብሎ ይቆጠራል። በብዙ መንደር ግን «አይነኬ» ይባሉ ከነበሩት፣ ዛሬ ዳሊት ከሚባሉት ወገኖች፣ መዋጮ አንቀበልም ይባል ነበር። እነሱ እንክፈል ሲሉ ሌሎቹ አይሆንም ይላሉ። ገንዘብ ተርፏቸው እንዳይመስላችሁ! ከተቀበሏቸው ቤተ መቅደሱ የእነሱም ነው ማለት ስለሚሆን ነው። የአምላኳ ሠረገላም በሰፈራቸው አያልፍም።

እ.ኤ.አ. በ1947 ዓ.ም. በማድራስ የወጣው ሕግ የቤተ መቅደሱን በር ከፈተላቸው። በ1950 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የህንድ ሕገ መንግሥትም ሰውን አይነኬ ብሎ ማግለልን ከለከለ። የመዋጮውን መዝገብ ማስከፈት ግን ቀላል አልሆነም፤ በአንዳንድ መንደር ክርክሩ እስከ ዛሬ አለ።

እኛ ዕድሜያችንን መዝገብ ስንይዝ የኖርን ሰዎች ነን። ስም መጻፍ ትንሽ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ጎረቤት አባል ልሁን ብሎ ሲመጣ «ተከራይ ነው፣ ነገ ይሄዳል» ብለን ከመለስነው፣ የመለስነው ብሩን ብቻ አይደለም። ሐዘን ሲደርስበት ማን ድንኳን ይተክልለታል? የተከራዮች ጥያቄ በስብሰባ ሲነሣ ይህን እንድታስቡልን እንለምናለን።