የግድግዳው እግር

አንደኛ አቅራቢ፦ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት በቀበሌ ሥር ስለገቡ «የቀበሌ ቤት» የሚለው ስያሜ ተለመደ።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ የኪራዩ ዝቅተኛነት ለድሃው ትልቅ እፎይታ ቢሆንም ገንዘቡ ለእድሳት አልበቃም። የርብና የጉማራ ወንዞች በሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ ደግሞ የጭቃ ቤት ጉዳት የሚጀምረው ከታች ነው፤ ውኃ የግድግዳውን እግር ሲያርሰው ምርጊቱ ይረግፋል፣ ማገሩ ይገለጣል፣ ቋሚው ከሥሩ ይበሰብሳል፤ ቆርቆሮው ደህና ቢመስልም ቤቱ ያዘማል።

አንደኛ አቅራቢ፦ ስለዚህ እድሳት ከጣሪያ ሳይሆን ከመሠረት ሊጀምር ይገባዋል። የግለሰብ ቤት ተከራይስ?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320፣ ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች፣ ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ ይህም በየክረምቱ ዕቃ ተሸክሞ ቤት ለሚፈልግ ቤተሰብ እጅግ ተገቢ ጥበቃ ነው።