የክሬዲት ብዛትና የትምህርት ቅደም ተከተል

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በአርሲ ነገሌ አረቄ የምታወጣ ሴት ጌሾውን፣ ብቅሉንና እህሉን አሟልታ ብትይዝም፣ ድፍድፉ ሳይብላላ እሳት ላይ አትጥደውም። ዕቃው ተሟልቶ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ድካሙ ከንቱ ነው። ከኮሌጅ ዲፕሎማ ወደ ምሕንድስና ዲግሪ የሚሸጋገር ባለሙያ የሚገጥመውም ችግር ከዚህ የራቀ አይደለም።

ከዚያችው ከተማ የሚነሣ አንድ የግንባታ ባለሙያ አለ እንበል። በዲፕሎማው ለዓመታት አገልግሏል፤ ቤተሰብም መሥርቷል። በሻሸመኔ በኩል ወደ ሐዋሳ ወይም በባቱና በሞጆ በኩል ወደ አዳማ ሄዶ ለመማር ያስባል። ለእርሱ አንድ የትምህርት ዓመት የአንድ ዓመት ደመወዝ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ክሬዲት ይያዝልኛል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ዋናው አይደለም።

ክሬዲት የሚለካው ጊዜን ነው፤ በተለመደው አቆጣጠር አንድ የክሬዲት ሰዓት በአንድ ሴሚስተር ውስጥ በየሳምንቱ የሚሰጥ የአንድ ሰዓት ትምህርት ነው። ተማሪው ለሚቀጥለው ኮርስ መዘጋጀቱን ግን አያስረዳም። በሲቪል ምሕንድስና ስታቲክስ ለቁስ አካላት ጥንካሬ፣ ይኸኛው ለስትራክቸር ትንተና፣ ትንተናውም ለአርማታ ኮንክሪት ንድፍ መሠረት ነው። ስለሆነም 40 ክሬዲት ተይዞለት ስታቲክስ የቀረበት ተማሪ፣ ስታቲክስን ጨምሮ 20 ክሬዲት ከተያዘለት ጓደኛው ኋላ ሊቀር ይችላል። ኮርሱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ጉድለቱ ሙሉ ዓመት ያስከፍላል።

በሌላ በኩል የኮርስ ስም መመሳሰል ብቻ አያስተማምንም። በዲፕሎማ ደረጃ ያለ ካልኩለስ የተሰጠ ስታቲክስ፣ ሳይመረመር ቢያዝ ተማሪው በተከታዩ ኮርስ ይወድቃል። ሳይመረመር ቢጣልም በደል ይሆናል።

የአዳማው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1993 ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ ሲመሠረት ዲፕሎማና ዲግሪን ጎን ለጎን ይሰጥ ነበር፤ በ2006 አዳማ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2011 አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ተቋም እንዲህ ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲያድግ፣ የቀድሞው ዲፕሎማ ግን በባለቤቱ እጅ እንደነበረ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአዲስ አበባ የጸደቀው የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ማስረጃ ዕውቅና ስምምነትም፣ ጉልህ ልዩነት ካልተገኘ በቀር ማስረጃ ዕውቅና ሊሰጠው ይገባል በሚለው መርሕ ላይ የቆመ ነው። በአገሮች መካከል የተገባው ቃል በአገር ውስጥ ባሉ ተቋማት መካከል ሊጓደል አይገባም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። አንደኛ፣ ምዘናው ከሰንሰለቱ መነሻ ኮርሶች ይጀምር፤ የምርጫ ኮርሶች ኋላ ይድረሱ። ሁለተኛ፣ ይዘቱ ያጠራጠረ ኮርስ በፈተና ይለይ። ሦስተኛ፣ ጥቂት የጎደለው ተማሪ በክረምት ማሟያ ትምህርት ይሰጠው። አራተኛ፣ ውሳኔው አመልካቹ ሥራውን ከመልቀቁ በፊት በጽሑፍ ይድረሰው።

ይህ የዲግሪውን ክብር አይቀንስም፤ ሰንሰለቱንም አይበጥስም። በየትምህርት ክፍሉ የኮርስ አቻነትን መርምረው የሚፈርሙት የሙያው ሰዎች ናቸውና፣ ያ ባለሙያ ከአርሲ ነገሌ ሳይነሣ ሁለት መልስ ሊያገኝ ይገባዋል፤ ይኸውም ከየትኛው ኮርስ እንደሚጀምርና በየትኛው ዓመት እንደሚጨርስ ነው።