ተራዬን ስጠብቅ

(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ ባለፈው ሳምንት «ስለ ምን ትናገራለህ?» ብሎ ቢጠይቀኝ «ስለ ትዕግሥት» ብዬ መለስሁለት። እርሱም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲሁ ጻፈው። እውነቱን ለመናገር ግን ስለ ትዕግሥት የማውቀው ጥቂት ነው፤ በደንብ የማውቀው ስለ መጠበቅ ነው። ትዕግሥት ሰው በፈቃዱ የሚይዘው ጠባይ ሲሆን፥ መጠበቅ ግን ቀኑ በሌላ ሰው እጅ ያለ ነገር ነው።

ብዙዎቻችሁ ወሬውን ሰምታችኋል። አንዳንዶቻችሁም እኔ ሳልፍ ድምፃችሁን ዝቅ እንደምታደርጉ አያለሁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላልና ዛሬ ራሴ ልንገራችሁ። በራስ ቅሌ ውስጥ፥ ከግንባሬ በስተኋላ፥ ከአፍንጫዬ በላይ ባለው ስፍራ ዕጢ በቅሏል። ሜኒንጂዮማ ይሉታል። ሐኪሞቹ በሥዕሉ ላይ አይተው «አደገኛ ያልሆነ ዕጢ ነው፤ የመጨረሻው ቃል ግን ወጥቶ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ነው» ብለውኛል። እንዲወጣም ተራ ከያዝሁ ይኸው ስድስተኛው ወር ገብቷል።

ነገሩ የተጀመረው በቡና ነው። አምና ለፋሲካ ወደ ቤተ ሰቤ ሄጄ ሳለ፥ እናቴ የተቆላውን ቡና እንደ ልማዱ በየተራ አዞረችልን። ሁሉም ጢሱን በእጁ ወደ ፊቱ እየሳበ አደነቀ። እኔም እንደ እነርሱ እጄን አወዛወዝሁ፤ ምንም አልሸተተኝም። ለበዓል ቀን ክፉ ወሬ አይነገርም ብዬ ዝም አልሁ። ወደዚህ ስመለስ ለጓደኞቼ ብነግራቸው «የኮሮና ትራፊ ነው» አሉኝ። ኮሮና ሽታን እንደሚያጠፋ ሁላችንም አውቀናልና እኔም አመንሁ። ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት ራሴን ያመኝ ጀመር። የመብራት ነው ብዬ መነጽር ገዛሁ።

ከዚያም በቤተ መጻሕፍት ውስጥ የወደቅሁበት ቀን መጣ። እኔ አላስታውሰውም፤ የምታስታውሱት እናንተ ናችሁ። ስነቃ ምላሴን ነክሼው ነበር። ከእናንተም አንዱ ክብሪት እየጫረ ሊያሸትተኝ ይታገል ነበር። ጓደኛዬ ሆይ፥ ስለ መልካም ልብህ አመሰግንሃለሁ፤ ነገር ግን የመረጥኸው ሰው ምንም የማይሸተው ሰው ነበር! (እዚህ ላይ በመሳቃችሁ ደስ ብሎኛል።) ክብሪቱ ለማንም ቢሆን አይጠቅምም። ሰው በእንዲህ ያለ ሁኔታ ሲወድቅ በጎኑ አስተኙት፤ የሚጎዳውን ዕቃ ከአጠገቡ አንሡ፤ የአንገቱን ቁልፍ ፍቱ፤ በአፉ ውስጥ ምንም ነገር አታግቡ፤ ሰዓታችሁንም ተመልከቱ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ከዛሬው ንግግሬ ይህን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ እንኳ ምሽታችሁ በከንቱ አላለፈም።

ሐኪሟ ሥዕሉን በመብራት ላይ አድርገው አሳዩኝ። በመካከሉ ሎሚ የሚያህል ነጭ ክብ ነገር ነበር። አንጎላችን በሦስት ሽፋኖች የተጠቀለለ ነው። የመካከለኛው ሽፋን የሸረሪት ድር ስለሚመስል ስሙም ከሸረሪት የመጣ ነው። ይህ ዕጢ የሚበቅለው በዚያ ሽፋን ካሉ ሴሎች ነው እንጂ ከአንጎሉ ከራሱ አይደለም። ስሙን በ1922 እ.ኤ.አ. ያወጣለት አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች፥ ከወንዶችም ይልቅ በሴቶች ላይ ነው። «በአንተ ዕድሜ ብዙ አይታይም» አሉኝ ሐኪሟ። በትምህርት ያላገኘሁትን ልዩነት በዚህ አገኘሁት ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። «አደገኛ ያልሆነ» የሚለው ቃል ለሰሚው ሁሉ ትልቅ መጽናኛ ነው። እናቴ ስትሰማ እልል አለች። ጓደኞቼም «ካንሰር ካልሆነማ ምን ያስጨንቅሃል?» አሉኝ። እኔም እግዚአብሔርን አመሰገንሁ፤ አሁንም አመሰግናለሁ። ነገር ግን ይህ ቃል የሚናገረው ስለ ዕጢው ጠባይ ነው፤ ስለሚኖርበት ቤት የሚናገረው ነገር የለም። ዕጢው በክንዴ ላይ ቢሆን ኖሮ ሸሚዜን አስፍቼ ዘመኔን በሙሉ ተሸክሜው እኖር ነበር። የራስ ቅል ግን አጥንት ነው፤ አይሰፋም። በውስጡ አንድ እንግዳ ሲገባ ባለቤቱ መጨነቁ የማይቀር ነው። የእኔው ዕጢ በመጀመሪያ የሽታን ጅማት ተጫነ፤ አሁን ደግሞ የዐይንን ጅማት ነክቷል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያሉ ከልጅነታችን ጀምረው አስተምረውናል። ይህን ምሳሌ ዕጢውም ያውቀዋል። በየጧቱ ግራ ዐይኔን በእጄ ሸፍኜ በመኝታ ክፍሌ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የቀን መቁጠሪያ በቀኝ ዐይኔ አነባለሁ። ተራ በያዝሁበት ወር የቅዱሳኑን ስም ሳይቀር አነብ ነበር። ዛሬ የማነበው ትልልቁን ቁጥር ብቻ ነው። የእኔ የመጠበቅ ሚዛን ይህ ነው።

ከብዙ ዘመን በፊት፥ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ.፥ በሮማ ከተማ ፍራንቼስኮ ዱራንቴ የተባለ ቀዶ ሐኪም የእኔን የመሰለ ዕጢ ከአንዲት ሴት ራስ አውጥቶ ነበር። ሴቲቱም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሕይወት ኖራለች። በዚያ ጊዜ የአንጎልን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ አልነበረም፤ የሲቲ ስካን ሥዕል በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣው በ1971 እ.ኤ.አ. በለንደን ነው። ዱራንቴን ወደ ስፍራው ከመሩት ምልክቶች አንዱ ሴቲቱ ማሽተት ማቆሟ ነበር። ይህን ሳነብ ልቤ ተጽናና። ከ130 ዓመት በላይ አስቀድሞ የተቻለ ነገር ዛሬም ይቻላል። የሚጎድለው ዕውቀቱ እንዳይመስላችሁ፤ ዕውቀቱ አለ።

ታዲያ የሚጎድለው ምንድን ነው? ይህን የተማርሁት በአንድ ሌሊት ነው። ከሁለት ወር በፊት ስልኬ ጮኸ፤ ተኛ ተባልሁ። ጠጕሬን ተላጨሁ። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እህልም ውሃም አልቀመስሁም። እናቴ ከአገር ቤት መጥታ በአልጋዬ አጠገብ ወንበር ላይ አደረች። ሲነጋ ሐኪሟ መጡና «ይቅርታ ልጄ፥ ዛሬ አይሆንም» አሉኝ። ሌሊት አንድ የታክሲ ረዳት ከሚሄድ መኪና ላይ ወድቆ ኖሯል። በራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል ደም ፈስሶበታል። እንዲህ ያለው ደም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

ልንገራችሁ፥ ያን ጊዜ ተቈጣሁ። ያን የማላውቀውን ልጅ በልቤ ተጣላሁት። ወደ ኮሪደሩ ብወጣ ግን አንዲት ልጅ መሬት ላይ ተቀምጣ የወንድ ጫማ አቅፋ አየሁ፤ ጫማው አንድ እግር ብቻ ነበር። እኅቱ ናት። ቍጣዬ እዚያው ከዳኝ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ነቅቶ ውሃ ሲለምን በጆሮዬ ሰማሁ። የእኔ ዕጢ አዝጋሚ ስለ ሆነ ቀኔን ለእርሱ መስጠት ተቻለ። ይህ ፍርድ ትክክል ነው፤ እኔም ሐኪም ብሆን እንዲሁ እፈርድ ነበር። ነገር ግን ነገ ሌላ ይወድቃል፥ ከነገ ወዲያም ሌላ ይወድቃል። ስለዚህ ቀስ የሚል በሽታ ሁልጊዜ የሰልፉ መጨረሻ ላይ ይቆማል። ዐይን ግን ሰልፍ አይጠብቅም።

በዚያው ክፍል አንድ አዛውንት ተኝተው ነበር። የእርሳቸውም ዕጢ አደገኛ ያልሆነ ነው። «ልጄ፥ አንተስ ከመኝታ ቤትህ ሆነህ ትጠብቃለህ፤ እኔ የምጠብቀው በሬዬን ሸጬ ነው» አሉኝ። ከአገራቸው ሩቅ ስለ ሆነ ሂደው መመለስ አይችሉም፤ ከሆስፒታል ሲወጡ ከተማ ውስጥ አልጋ ተከራይተው ተራቸውን ይጠብቃሉ። አንዱ በሬ አልቋል። ሁለተኛው ቢሸጥ ማን ያርሳል? እንግዲህ «አደገኛ ያልሆነ» የሚለውን ቃል ለእኒህ አባት ተርጕሙልኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ማንንም ለመክሰስ አልተነሣሁም። ያከሙኝን ሐኪሞችና ነርሶች በድካም ቆመው ሲያንቀላፉ አይቻቸዋለሁ። በአገራችን የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፥ ከኖርዌይ የቤርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ዛሬ ቁጥራቸው ጨምሯል፤ ሕዝባችን ግን ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው። ሐኪሙም ብቻውን አይበቃም። የአንጎል ቀዶ ሕክምና ብዙ ሰዓት ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ የጽኑ ሕሙማን አልጋ ይፈልጋል፤ ደምም ይፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሐኪሙ እጁን ታጥቦ የሚሠራው ያጣል። ተራ መጠበቅ እንደ ዝናብ ከሰማይ የሚወርድ ነገር አይደለም፤ የአልጋ፥ የደምና የሰው ቁጥር ነው። ቁጥር ደግሞ በሰው ሥራ ሊጨመር ይችላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፥ የታመመ ሰው ስታገኙ «አይዞህ፥ ቀላል ነው» ብላችሁ ፈጥናችሁ አትለፉ። ቀላል እንዳልሆነ እርሱ ያውቃል። አጠገቡ ተቀመጡ። መድኃኒቱ እብጠቱን ሲያስታግሥልኝ እንቅልፌን ነሥቶኛል፤ ፊቴም ያበጠው ስለ ደላኝ ሳይሆን ከእርሱ የተነሣ ነው። ሌሊት ነቅቼ ስልኬን አያለሁ። በዚህ ጊዜ ሁለት ጓደኞቼ በየማታው እየመጡ የትምህርት ማስታወሻቸውን ያነቡልኛል። ስለ ዕጢዬ አንድ ቃል አይናገሩም። ከሁሉ የበለጠ ያጽናናኝ የእነርሱ ንባብ ነው።

ሁለተኛ፥ ደም ስጡ። የሚወሰደው ከግማሽ ሊትር ያነሰ ነው። ዕድሜው 18 የሞላና ጤነኛ የሆነ ሰው በየሦስት ወሩ ሊሰጥ ይችላል። የተቀዳው ቀይ ደም በማቀዝቀዣ የሚቆየው ቢበዛ ስድስት ሳምንት ያህል ስለ ሆነ፥ አንድ ቀን በዘመቻ ተሰጥቶ የሚቀር ነገር አይደለም። ማኅበራችን በየወሩ ተራ አውጥቶ ጥቂት ጥቂት ሰው ወደ ደም ባንክ ቢልክ፥ ያ ከአንድ ትልቅ ሰልፍ ይበልጣል። በስሜ አትስጡልኝ። ለማን እንደሚደርስ ሳታውቁ ስጡ፤ ለዚያ ለታክሲ ረዳት የደረሰው የማያውቀው ሰው ደም ነው።

ሦስተኛ፥ ሕክምና የምትማሩ ጓደኞቼ፥ ስትመረቁ እኒህን አዛውንት አስቡልኝ። የአንጎል ቀዶ ሕክምናን፥ ማደንዘዣን፥ የጽኑ ሕሙማን እንክብካቤን የምትመርጡ ሰዎች ከመካከላችሁ ይውጡ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። የእኔ አንዲት ሎሚ ብትሆንም ብቻዬን ስሸከማት ከብዳኛለች።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ጨምሬ ልጨርስ። እናቴ ጠበል ልውሰድህ ብላኝ ሄጃለሁ፤ ክኒኑንም አላቋረጥሁም፤ ሐኪሟም ይህን ሲሰሙ «ክኒኑን ካልተውህ እኔም ደስ ይለኛል» ብለዋል። ዕጢው ቢወጣም ሽታው እንደማይመለስ ነግረውኛል። የምንቸኩለው ለዐይኔ ነው። ባለፈው እሑድ እናቴ እዚህ ቡና አፈላች፤ ምጣዱንም ወደ እኔ አዞረች። ከዚያ ድንገት አስታወሳትና እጇን ልትመልስ አለች። «ተይው፥ እማዬ፥ አምጪው» አልኋት። ጢሱ ሲወጣ በግራም በቀኝም ዐይኔ አየሁት። በቀኙ ትንሽ ደብዝዞ ነበር፤ ግን አየሁት።

ስልኬ አሁንም በኪሴ ነው፤ አልዘጋሁትም። በንግግሬ መካከል ቢጮኽ ኖሮ ሳልሰናበታችሁ በወጣሁ ነበር። ስላልጮኸ ግን እግዜር ይስጥልኝ ለማለት ጊዜ አግኝቻለሁ።