ጠይቆ ማወቅ



እኛ ተማሪዎች የጥናትን ዘዴ በደንብ የምንማረው ደብተር ይዘን ከቤት ወደ ቤት ስንዞር ነው። እናንተም መጻፍ ችላችኋልና ልትሠሩበት ትችላላችሁ።

የውሃ ጉድጓድ የት ይቆፈር ተብሎ ክርክር ተነሣ እንበል። በ1976 ዓ.ም. የአገራችን የመጀመሪያው ጠቅላላ የሕዝብ ቆጠራ ሲደረግ ቆጣሪዎች ከቤት ቤት ዞረዋል። ቀበሌው ሰፊ ሲሆን ግን ሁሉን ማዳረስ ያደክማል። ያን ጊዜ ናሙና ይወሰዳል። እህል ገዢ ጆንያውን ሁሉ አይዘረግፍም፤ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች እየዘገነ ያያል። መንገድ ዳር ያሉትን ቤቶች ብቻ መጠየቅ ከጆንያው አፍ ብቻ እንደ መዝገን ነው።

መልሱን ማጉረስም አይገባም። «ውሃው ሩቅ ነው አይደል?» አይባልም። «ቀድቶ ለመመለስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?» ይባላል። ይህንንም ባልየውን ሳይሆን እንስራ የምታዝለዋን መጠየቅ ነው።

ከብቱ ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ ግብር ይመጣብኛል ብሎ የሚደብቅ አለ። አይፈረድበትም። ስለዚህ ጠያቂው ለምን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ይናገር። የሰው ምሥጢር አያውጣ። ውጤቱንም ለመንደሩ ያንብብ።

አለዚያ ጉድጓዱ የሚቆፈረው ድምፁ ከፍ ባለው ሰው ደጅ ነው።